ስለ ሙታን ዕረፍትና ስለ ሕያዋን ዓይን

ሰው በሞተ ጊዜ አስቀድሞ የሚደረግለት ነገር ዓይኑን መክደንና ፊቱን መሸፈን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በሕይወት ያለ ሰው ክፉ ዓይን ቢመለከተው ፊቱን ያዞራል፤ ቢሰድቡት ይመልሳል፤ ዕራቁቱን ቢያገኙት ይሸሸጋል። የሞተ ሰው ግን ከዚህ አንዱን እንኳ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ እርሱ ለራሱ የማይችለውን ሕያዋን ያደርጉለታል። ለሙት የሚደረግ ቸርነት ብድራት የማይጠበቅበት ስለ ሆነ፥ ከቸርነት ሁሉ የጠራ ነው።

ዳሩ ግን ይህ ዕዳ እስከ መቼ ይጸናል? ልጅ አባቱን፥ የልጅ ልጅም አያቱን ቢያከብር የሚያስደንቅ አይደለም። ሦስት ሺህ ዓመት ካለፈ፥ ዘሩ ከተበተነ፥ አማልክቱ ከወደቁ በኋላስ? ሰው በዘመን ብዛት ሰውነቱ ቀርቶ ዕቃ ይሆናልን? ወይስ ሬሳ የቱንም ያህል ቢያረጅ የሰው ሬሳ ነውና ክብሩ አይቀርበትም? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው በግብጽ አገር በዓባይ ወንዝ ላይ በመርከብ እየሄደ የጥንቱን ሕዝብ ቤተ ጣዖትና መቃብር ይጐበኛልና፥ ጥያቄውም ከመንገደኛው ጋራ በመርከብ ተሳፍሮ ይሄዳል።

የዚህ ጉዞ ልማድ ከተጀመረ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ በ1869 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ቍጥር ናቸው) መንገደኞችን ሰብስቦ በዓባይ ላይ ከወሰደ ወዲህ መንገዱ የተደላደለ ሆነ። ዛሬ አብዛኞቹ መርከቦች የሚመላለሱት በሉክሶርና በአስዋን መካከል ነው። ሉክሶር የጥንቷ ቴባን ናት፤ ነቢዩ ናሆምም ኖእ አሞን ብሎ ያነሣታል። አስዋን ደግሞ ነቢዩ ሕዝቅኤል ሴዌኔ ብሎ ከኢትዮጵያ ዳርቻ ጋራ አያይዞ የጠራት ናት። ስለዚህ መጽሐፍ የሚያውቅ መንገደኛ ወደ እንግዳ አገር የገባ አይመስለውም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲነበብ ወደ ሰማው አገር የገባ ይመስለዋል እንጂ።

በምሥራቁ ዳር በካርናክ የአሞን ቤተ ጣዖት አለ። በታላቁ አዳራሹ 134 ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ከእነርሱም በመካከል ያሉት ቁመታቸው ሃያ ሜትር ያህል ነው። ከቅጥሩ በአንደኛው ንጉሡ ሺሻቅ የዘመተባቸውን ከተሞች ስም አስቀርጿል፤ ይኸውም በሮብዓም ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የቤተ መቅደሱን መዝገብ የወሰደው ነው። ወንዙን ሽቅብ ሲሄዱ በኤድፉ የሆሩስ ቤተ ጣዖት ይገኛል። ሥራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237 ዓመት ተጀምሮ በ57 ዓመት ተፈጸመ። ከዚያም ደለልና አሸዋ ዋጠው፤ የመንደሩ ሰዎች በጣራው ላይ ቤታቸውን ሠርተው እስኪኖሩ ድረስ ተረሳ። ፈረንሳዊው ማርየት ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ አስጠርጎ ገለጠው። በኮም ኦምቦም አዞ ይመለክ ነበርና፥ ደርቀው የተገነዙ አዞዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ሰው ፈጣሪውን ባጣ ጊዜ የሚሰግድለትን ከወንዝ ውስጥም ቢሆን እንደሚፈልግ ይህ ምስክር ነው።

እነዚህን ለማየት መንገደኛው ኅሊናው አይከሰውም። ቤተ ጣዖት ለመታየት የተሠራ ነው፤ ንጉሡም ያን ሁሉ ድንጋይ ያቆመው ስሙ እንዲነሣ፥ ኀይሉም እንዲደነቅ ፈልጎ ነው። ዛሬ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቢያደንቅለት ፈቃዱ ተፈጸመለት እንጂ አልተሻረበትም። ጭንቁ የሚጀምረው መንገደኛው ወንዙን ተሻግሮ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ወደ ምዕራቡ ዳር በሄደ ጊዜ ነው። በዚያ የነገሥታት ሸለቆ የሚባለው አለና። በዚያ ያሉት መቃብሮች ለመታየት አልተሠሩም። በተራራ ሆድ ውስጥ ተቈፍረው፥ ደጃቸው ተደፍኖ፥ ታትሞ፥ ማንም እንዳያገኛቸው ተደርገው ነበር። ቤተ ጣዖቱ እዩኝ ይላል፤ መቃብሩ ተዉኝ ይላል።

ይህን ጸጥታ መጀመሪያ ያፈረሰው እንግዳ ሕዝብ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1100 ዓመት ገደማ፥ በዘጠነኛው ራምሴስ ዘመን፥ የመቃብር ሌቦች በፍርድ ቤት ቀርበው የሰጡት ቃል በፓፒረስ ተጽፎ ተገኝቷል። የንጉሥን መቃብር ከፍተው ወርቁን እንደ ገፈፉ፥ ሣጥኑንም በእሳት እንዳቃጠሉ ተናዘዋል። እነዚህ ሰዎች የዚያው ንጉሥ አምላክ አምላካቸው፥ አገሩም አገራቸው ነበረ። ስለዚህ ካህናቱ የነገሥታቱን ሬሳ ከየመቃብሩ እየሰበሰቡ፥ እንደ ገና እየገነዙ፥ በዴር ኤል ባሕሪ አጠገብ በጠባብ ጕድጓድ ሸሸጉት። በዚያም ወደ ሦስት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዘመን ዐረፈ።

በ1881 ዓ.ም. ግን የመንደሩ ሰዎች አስቀድመው በስውር አግኝተው ሲሸጡበት የነበረው ይህ መደበቂያ በመንግሥት ሹማምንት ዘንድ ታወቀ። የታላቁ ራምሴስ፥ የአባቱ የሴቲ፥ የሦስተኛው ቱትሞስና የሌሎችም ነገሥታትና ንግሥታት ሬሳ በጥቂት ቀን ውስጥ ወጥቶ በመርከብ ተጫነ፤ ዓባይን ቍልቍል ወደ ካይሮ ወረደ። በዚያን ጊዜ የሆነው ነገር ሊታሰብ የሚገባው ነው። በወንዙ ዳርና ዳር ያሉ የባላገር ሴቶች ጠጕራቸውን ፈትተው እያለቀሱ መርከቡን ተከተሉት፤ ወንዶቹም ለቀብር እንደሚደረገው ጠመንጃ ተኰሱ። እነዚህ ባላገሮች የፈርዖንን ጽሕፈት ማንበብ የማይችሉ፥ አማልክቱን የማያውቁ፥ ሃይማኖታቸው ከሃይማኖቱ የራቀ ነበሩ። ነገር ግን በመርከቡ ላይ ያለው ሬሳ መሆኑን አወቁ፤ ለሬሳም የሚገባውን አደረጉ። በመርከቡ ውስጥ በቍጥርና በመዝገብ የተጻፈው ዕቃ በዳር ላሉት ሰው ነበረ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በሙሉ በዚያ መርከብና በዚያ ዳር መካከል ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ ራሱ የግብጽ መንግሥት እንኳ በዚህ ነገር ሲያመነታ ታይቷል። ሬሳው በቤተ መዘክር ለሕዝብ ይታይ ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ክፍሉ እንዲዘጋ አዘዙ፤ በ1994 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ። በ2021 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አሥራ ስምንት ነገሥታትና አራት ንግሥታት በታላቅ ሰልፍ፥ በመድፍ ተኵስና በመዝሙር በካይሮ አደባባይ አልፈው ወደ አዲስ ቤተ መዘክር ተዛወሩ። ከዚህም የሚታየው፥ ሕግና ሥልጣን ያለው መንግሥት ሳይቀር ሬሳውን ለማሳየትና ለማክበር በአንድነት እንደሚወድ፥ ሁለቱም እንዴት አንድ ላይ እንደሚቆሙ እንደሚጨነቅ ነው።

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት በሁለቱም ወገን የሚባለውን መስማት ይገባል። አንዳንዶች፦ እነዚህ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ፤ እስራኤልን ያስጨነቀ ፈርዖንም ከእነርሱ ወገን ነው፤ ንጉሡ ኢዮስያስ እንኳ የጣዖት ካህናትን ዐፅም ከመቃብር አውጥቶ አቃጥሏል፤ ስለዚህ ለአረማዊ ሬሳ መጨነቅ ከንቱ ነው ይላሉ። ይህ ነገር ከመጽሐፍ የተወሰደ ይመስላል፤ ነገር ግን መጽሐፍን በሙሉ አላየም። ኢዮስያስ ያደረገው አስቀድሞ በነቢይ አፍ የተነገረ ፍርድ ነው፤ እርሱም ቢሆን የነቢዩን መቃብር ባየ ጊዜ ማንም ዐፅሙን እንዳይነካ አዝዟል። ለመንገደኛ ግን እንዲህ ያለ የፍርድ ትእዛዝ አልተሰጠውም። ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በነቢዩ አሞጽ ዘንድ አለ። እግዚአብሔር በሞዓብ ላይ ቍጣውን ካመጣበት ምክንያት አንዱ ሞዓብ የኤዶምያስን ንጉሥ ዐፅም አቃጥሎ ኖራ ማድረጉ ነው። የሞተው አረማዊ ነው፤ የበደለውም አረማዊ ነው፤ በመካከላቸው እስራኤል የለም። ፈራጁ ግን ስለ አረማዊው ንጉሥ ዐፅም ተከራከረ። እንግዲህ የሬሳ ክብር ከሃይማኖቱ ብቻ ሳይሆን፥ በእግዚአብሔር አርአያ ከመፈጠሩም የሚመጣ ነው።

ይህን ፍርድ ይዞ ያለፉትን ዘመናት ለሚመለከት ሰው የሚያሳፍር ነገር ይገጥመዋል። በአውሮጳ ብዙ ዘመን የግብጽ ሬሳ እየተፈጨ ሙሚያ ተብሎ በመድኀኒት ቤት ተሸጧል፤ ሠዓሊዎችም ቡናማ ቀለም አድርገው ቀብተውበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት በለንደን ከተማ ሬሳን በጉባኤ ፊት ከመገነዣው መፍታት ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው ትርኢት ሆኖ ነበር። ንጉሥን ኖራ ያደረገ ሞዓብ ከተኰነነ፥ ሰውን ቀለም ያደረገ ዘመን ምን ይመልሳል?

ሌሎች ደግሞ ስለ ዕውቀት ይከራከራሉ። መቃብሩ ባይከፈት ኖሮ የዮሴፍና የሙሴ ዘመን አኗኗር ተሰውሮ በቀረ ነበር ይላሉ፤ እውነትም ነው። ፈረንሳዊው ሻምፖልዮን በ1822 ዓ.ም. የፈርዖኖችን ጽሕፈት ምስጢር ሲፈታ የረዳው የቅብጥ ቋንቋ ነው፤ ይህንም ቋንቋ ሲከስም ጠብቃ ያቈየችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ ነው። ጣዖቱን የጣለችው ቤተ ክርስቲያን የጣዖት አምላኪዎቹን ቋንቋ ሳትጥል ጠበቀች፤ ስለዚህ ዕውቀትን የምትጠላ አይደለችም። ነገር ግን ዕውቀት ያለ ማዋረድ አይገኝም ማለት ስሕተት ነው። ፈርዖን ቀዳማዊ አሜንሆቴፕ መገነዣው ሳይፈታ፥ የአበባ ጕንጕኑም ሳይነካ፥ የውስጡ ሁሉ በጨረር መሣሪያ እንደ ታወቀ በ2021 ዓ.ም. ተጽፏል። ከገላጩ እጅ የሚበልጥ ዕውቀት ሳይገልጡ ማየትን የሚችለው ዓይን አገኘ።

በሌላም ነገር የዘመኑ ሰው ሲወድ እንዴት መጠንቀቅ እንደሚችል አሳይቷል። የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲሠራ የአቡ ሲምበል ቤተ ጣዖት ከ1964 እስከ 1968 ዓ.ም. በየቍራጩ ተሰንጥቆ ከውሃው በላይ ተተከለ። የፊላይም ቤተ ጣዖት እንዲሁ እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ወደ ሌላ ደሴት ተዛወረ። ብዙ መንግሥታት ገንዘብ አዋጡ። ዳሩ ግን በዚያው ጊዜ ኀምሳ ሺህ ያህል የኑባ ሰዎች ከግብጽ ኑባ ምድር ተነሥተው ወደ ኮም ኦምቦ አካባቢ ሄዱ፤ የአባቶቻቸው መቃብር በሐይቁ ሥር ቀረ። የታወቀው ሙት ድንጋዩ እንኳ በክብር ተሸከሙለት፤ ያልታወቀው ሙት ከነዐፅሙ ሰመጠ። በዚህ የማያዝን መንገደኛ በፈርዖን ሬሳ ፊት የሚያሳየው አክብሮት ለዝና እንጂ ለሰው አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ግን ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነሣው ነው። ክርስቲያኖችስ የቅዱሳንን ዐፅም ያወጡ፥ ያፈልሱ፥ ይሳለሙ የለምን? በገዳም የሚታየው ዐፅም በቤተ መዘክር ከሚታየው በምን ይለያል? ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ሰው ሩቅ አይደለም። ከዓባይ መነሻ፥ በጣና ሐይቅ ላይ፥ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም በገዳሙ ይጠበቃል፤ የሚሳለም እንግዳም ያየዋል። የሚያስደንቀውም ይህ ነው፤ የመርከቡ ጉዞ በሚያልቅበት በአስዋን፥ በፊላይ ደሴት፥ የኢሲስ ቤተ ጣዖት በስድስተኛው መቶ ዓመት ተዘግቶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፤ በምሰሶዎቹም ላይ የተቀረጸው መስቀል እስከ ዛሬ ይታያል። አንድ ወንዝ ነው፤ በላዩ ሁለት ደሴቶች አሉ፤ ሁለቱም በአንድ ሰማዕት ስም ተጠርተዋል። በአንደኛው የአረማውያን ሥዕል በክርስቲያኖች መጥረቢያ ፊቱ ተፍቋል፤ በሌላው የክርስቲያን ነገሥታት ዐፅም በመነኰሳት ጸሎት ተከቧል።

ልዩነቱ በሣጥኑ አይደለም፤ ሁለቱም መስተዋት ሊኖረው ይችላል። በሬሳው መድረቅም አይደለም፤ ያዕቆብና ዮሴፍም በግብጽ ሥርዓት በሽቱ ተቀብተዋል። ልዩነቱ በዙሪያው የቆመው ሰው ለሞተው ምን እንደሚያደርግለት ነው። ዮሴፍ ዐፅሙን ከግብጽ እንዲያወጡት አስምሏቸው ነበርና፥ ሙሴ ባሕር ለመሻገር በሚጣደፍበት ሌሊት እንኳ መሐላውን አልረሳም፤ ዐፅሙም በሴኬም ተቀበረ። በገዳም የሚኖር መነኵሴ በዐፄው ዐፅም ፊት ስሙን ጠርቶ ይጸልያል፤ ለሙት ዕዳ አለብኝ ይላል። በቤተ መዘክር ቆሞ የሚሥቅ ሰው ግን ሙት ዕዳ አለበት የሚል ይመስላል፤ ለመግቢያው የከፈለውን በመደነቅ ሊመልስለት ይፈልጋልና። ይህ ፍርድ ግን ሁለቱንም ወገን ይነካል። ወደ ገዳም ሄዶ ያለ ጸሎት የተመለከተ ሰው ዳጋን ቤተ መዘክር አድርጓታል። ወደ ቤተ መዘክር ገብቶ በልቡ ምሕረት የለመነ ሰው ደግሞ ቤተ መዘክሩን የቀብር ቦታ አድርጎታል።

ለዚህ ነገር የግብጽ በረሃ አባቶች መንገድ ጠርገዋል። ታላቁ እንጦንስ በምንኵስናው መጀመሪያ በመቃብር ውስጥ ዘግቶ ተቀምጧል። ስለ አባ መቃርስ ደግሞ የሚነገር አለ። በበረሃ ሲሄድ የራስ ቅል አገኘ፤ የማን እንደ ሆነ ቢጠይቀው የጣዖት ካህን እንደ ነበረ መለሰለት። በሥቃይ ያሉት ነፍሳት ጀርባ ለጀርባ ታስረው አንዱ የሌላውን ፊት እንደማያይ፥ መቃርስ ስለ እነርሱ በጸለየ ጊዜ ግን በጥቂቱ ፊት ለፊት እንደሚተያዩ፥ ዕረፍታቸውም ይህ እንደ ሆነ ነገረው። መቃርስም አለቀሰ፤ ቅሉንም በምድር ቀበረው። ቅዱሱ የአረማዊውን ቅል አላለፈውም፤ አየው፥ ጠየቀው፥ አዘነለት፥ ከዚያም ሸፈነው። መመልከት ራሱ ኀጢአት እንዳልሆነ፥ መመልከትም በልቅሶና በመቅበር ሲፈጸም ምሕረት እንደሚሆን ከዚህ ይታወቃል። ለእነዚያ ነፍሳት የወንድምን ፊት ማየት ዕረፍት ነበረ።

የፈርዖን ሰዎችም ቢሆኑ ፍርድ እንዳለ ፈጽመው አልሳቱትም። በመቃብራቸው ግድግዳና በፓፒረሳቸው የሟቹ ልብ በሚዛን ተደርጎ፥ በሌላው ወገን የእውነት ምልክት የሆነች አንዲት ላባ ተቀምጣ ትታያለች። ፈራጁን አላወቁትም፤ እንደሚመዘኑ ግን አወቁ። ደግሞ የሞተ ሰው ስሙ በሕያዋን አፍ እንዲጠራ እጅግ ይመኙ ነበር። እንግዲህ ምኞታቸው ሁለት ነበረ፤ ሥጋቸው እንዲሰወር፥ ስማቸውም እንዲነሣ። የዛሬው ዘመን የመጀመሪያውን አፈረሰባቸው፤ ሁለተኛውን ግን እነርሱ ካሰቡት በላይ ፈጸመላቸው። የወሰደውን ሁሉ መመለስ የማይችል ሰው የቀረውን በቅንነት ሊከፍል ይገባዋል።

ይህ ሁሉ የተነገረው ጉዞውን ለመከልከል አይደለም። በሉክሶርና በአስዋን ብዙ ጀልባ ቀዛፊ፥ ምግብ አብሳይና መንገድ መሪ ከመንገደኛው በሚያገኘው ይኖራል፤ ጉብኝቱ ቢቀር የሚራበው ፈርዖን አይደለም፥ የእርሱ አገር ድኻ ነው። መንገደኛውም ሄዶ ያየው ዘንድ መልካም ነው፤ ከ134 ምሰሶ የሚበልጥ የከንቱነት ስብከት በቀላሉ አይገኝምና። ነገር ግን ከቤተ ጣዖቱ ወደ መቃብሩ ሲሻገር ልቡንም ያሻግር። በድንጋዩ ፊት ይደነቅ፤ በሬሳው ፊት ዝም ይበል። ወጣቱ ቱታንካሙን በ1922 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ እስከ ዛሬ በዚያው በመቃብሩ ውስጥ አለ፤ ሰውም ይመለከተዋል። በዚያ የሚገባ ሰው የሞተ ልጅ ያለበት ቤት እንደ ገባ ይቍጠረው። በልቅሶ ቤት የማይደረገውን፥ ሣቅን፥ ጩኸትን፥ ከሬሳ ጋራ ፎቶግራፍ መነሣትን በዚያም አያድርግ። ካህን ቢሆን በልቡ ይጸልይ፤ ምእመን ቢሆን የራሱን ቀን ያስብ።

ሦስት ሺህ ዓመት በሰው ዘንድ ረጅም ነው፤ ትንሣኤን ለሚጠብቅ ግን የመጀመሪያው ሙትና የመጨረሻው ሙት በአንድ ቀን ይነሣሉ። በዚያን ቀን የተመለከተውና የተመለከቱት፥ መንገደኛውና ፈርዖኑ፥ መስተዋት በመካከላቸው ሳይኖር ፊት ለፊት ይቆማሉ። ያን ጊዜ የማያፍርበትን ዓይን ዛሬ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ጉዞው ይባረክለታል።